እትዬ ድቅል፦ የዘር አዳቃይዋ እናታችን የሕይወት ታሪክ

በሰፈርም በሥራ ቦታም «እትዬ ድቅል» እየተባሉ የሚጠሩት እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ታናሽ ወንድማቸው ተወለዱ። እናታቸው ከስፌት መኪናው ስለማይነሱ ሕፃኑን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው።

በዕፅዋት ማዳቀል ሙያ ተመርቀው በዘር ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ዕድሜያቸውንም በበቆሎ ማሳ ፈጁት። ድቅል ዘር እንዲገኝ፣ እናት ሆኖ የሚያፈራው በቆሎ የወንዴ አበባው ዱቄቱን ሳይበትን በእጅ መነቀል ስላለበት፣ በአበባ ወቅት ከማሳ የሚነጥላቸው አልነበረም። የጣቢያውን ሹፌር ሲያገቡ እንኳ የሠርጉ ቀን የተቆረጠው አበባው እስኪያልፍ ተጠብቆ ነው። ሁለት ልጆችም ወለዱ።

ድቅል የሚለው ቃል ያለ ቦታው ሲነገር አይወዱም ነበር። የሰፈሩ ሰው አውራ ዶሮ ሲገዝፍም፣ ጎረምሳ ሲመዘዝም «ድቅል ነው» ይላል። እርሳቸው ምግብ ቀርቦም ቢሆን ያርሙ ነበር። «ድቅል ማለት ትልቅ ማለት አይደለም። ዘራቸው የተለያየ የሁለት ወላጆች ልጅ ማለት ነው። በቆሎ ላይ ይህ የመጀመሪያ ልጅ ከሁለቱም ይበረታል። ከእሱ የለቀማችሁትን መልሳችሁ ብትዘሩት ግን አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ይቀጭጫል» ይሉ ነበር። ወንድማቸውም ይህን በየማዕዱ እየሰሙ በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ወንድማቸው የጣቢያውን ዘር የሚሸጡበት ሱቅ ሲከፍቱ፣ ከረጢቱ ላይ «በእትዬ ድቅል የተመሰከረለት» ብለው እንዲያትሙ እናታችን ፈቀዱላቸው። አንድ ዓመት ዘር አጠረ። ወንድማቸው ከገበሬ ማሳ የተሰበሰበ የድቅል ምርት ገዝተው፣ የጣቢያውን ዘር እንዲመስል ቀይ የዘር መድኃኒት ቀብተው፣ በዚያው ከረጢት ሸጡት። እናታችን ከፍና ዝቅ ብሎ የቆመውን በቆሎ እንዳዩ ነገሩ ገባቸው። ገበሬዎቹም «እትዬ፣ እኛ'ኮ እርስዎን አምነን ነው» አሏቸው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው።

ሱቁ ድረስ ሄደው ሲጠይቋቸው ወንድማቸው ሳቁ። «እትዬ ደግሞ! ያው የድቅል ልጅ አይደል እንዴ? ማን ይለየዋል?» አሉ። ጣቢያው ጉዳዩን ሲያጣራ ግን ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደ ገባ አልታወቀም፤ እኅታቸው ሲጠየቁ አጠገባቸው ተቀምጠው ትንፍሽ አላሉም። ስማቸው ከረጢቱ ላይ ነበርና እናታችን ከሥራ ተሰናበቱ። ቤት ለቤት ዞረው ገበሬዎቹን ይቅርታ የጠየቁትም እርሳቸው ናቸው። ቅስማቸውን የሰበረው የሥራው መታጣት ብቻ አልነበረም፤ ጀርባቸው ላይ ያደገ ሰው ዝም ብሎ ማየቱ ነው። ወንድማቸው እስከ ዛሬ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው በሰው ፊት አልተናገሩም።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ካረፉ በኋላ እናታችን የልብ ሕመም ጸናባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። አልጋ ላይ ሳሉ ይህ ጽሑፍ ምን እንዲል እንደሚወዱ ተጠይቀው «ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው፣ ውስጡ ያለው ብቻ ይሁን» ብለዋል።

እናታችን ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው። አንድ ወንድም ነበራቸው።

አምላክ የሌላ ሰው ጥፋት ሳያሸክም ነፍሳቸውን ይቀበልልን።