ሥዕሌ ሥር የተጻፈው ሞት

ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ

ከእማ ቀጥሎ እናት ለሆንሽልኝ ለእትዬ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? የድሬ ሙቀት ዘንድሮ ብሷል ሲሉ ሰማሁ፤ የምትተኙት ግቢ ነው ወይስ ቤት ውስጥ? ልጆችሽስ? ትልቋ ትምህርቷን ያዘች? ባልሽን፣ ጎረቤቱን፣ የጠየቀኝን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በሕይወት አለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ለወጉ ያህል እንዳልጻፍኳት ወደታች ስትወርጂ ትረጂዋለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ፈርቼ አይደለም። በስልክ ብጀምርልሽ ገና ከመሃሉ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ አንጀቴ አይችልምና የጀመርኩትን እተወዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። የሚያደርስልሽ ፉዓድ ሹፌሩ ነው። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም፣ አትጠይቂው።

ሻምሶን ነግሬሻለሁ፤ በጦርነቱ ጊዜ በልጅነቷ ተሰዳ ጅጅጋ ያደገችው፣ የስፌት ሱቄን ያከራየችኝ። ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት መጣችና «የስፌት መኪናሽን አቁሚ። መሃል ከተማ የሥዕል አዳራሹ ውስጥ አዲስ ኤግዚቢሽን ተከፍቷል። ሰው ሁሉ አይቶ እያለቀሰ ነው የሚወጣው» አለችኝ። ለማልቀስ ብዬ ሥራ አላቆምም አልኳት። ጎትታ ወሰደችኝ።

ገና በሩ ላይ ደሜ ፈላ። ጥበቃው ሻምሶን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳለፋት። እኔን ግን ፊቴን አየና «የጽዳት ሠራተኞች በጓሮ ነው የሚገቡት» አለኝ። በሶማሊኛ ነው ያለኝ፣ በሶማሊኛ መለስኩለት፤ «ለሰው ሁሉ ክፍት ነው ብላችሁ የለጠፋችሁት ወረቀት ያውልህ፤ እኔ ሰው አይደለሁም?» አልኩት። ሻምሶ ዞራ መጣችና ላባቱ እንኳ የማይነገር ነገር ነገረችው። ገባን። ጽዳት ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ እዚህ እንደመጣሁ መጀመሪያ የሠራሁት እሱኑ ነው። ግን ሰው ፊቴን ብቻ አይቶ በየትኛው በር እንደምገባ ሲወስንልኝ አልወድም።

ውስጡ ነጭ ነው፤ ቀዝቀዝ ይላል። የግመል ሥዕል፣ የፈረሰ ቤት ሥዕል፣ የወደብ ሥዕል አየን። ከወደ ጥጉ ግን ሰው ተሰብስቧል። ሴቶች በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ተማሪዎች ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው በስልክ ራሳቸውን ያነሳሉ። በትከሻቸው መሃል አሻግሬ አየሁ።

እኔ ነኝ።

እትዬ፣ እኔን የምትመስል ሴት አላልኩሽም። እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ገንደ ቆሬ ግቢያችን ውስጥ ከአጥር ላይ ስወድቅ የተረፈኝ ጠባሳ ግራ ቅንድቤን ለሁለት ከፍሎት ቁጭ ብሏል። ስሰፋ ክሩን በጥርሴ ይዤ አንገቴን ዘንበል የማደርጋትም አልቀረችም። ከፊቴ የስፌት መኪና አለ፤ ግን ባሕር ውስጥ ነው የተቀመጥነው፣ እኔም መኪናውም። ውሃው ጉልበቴ ደርሷል። ጸጉሬ ከሻሹ ወጥቶ ትከሻዬ ላይ ተዘርግቷል። አገር ምድሩ ቆሞ ጸጉሬን ያያል!

ከሥሩ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሻምሶ አነበበችልኝ። «ከቦሳሶ ወደ የመን ስትሻገር ባሕር ለቀረችው፣ ለድሬዳዋዋ ልብስ ሰፊ። አላህ ይማራት» ይላል። የሠዓሊው ስም ኢርፋን።

ለእኔ ማን እንደነበረ ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

አጠገቤ የቆመች ሴትዮ «ምስኪን! እነዚህን የሐበሻ ልጆች ማን ሂዱ ይላቸዋል? ቤተሰብ የላቸውም?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺም ያገሯ ልጅ ነሽ መሰለኝ፤ አላህ ያጽናሽ» አለችኝ። በራሴ ሞት አጽናናችኝ! ምን ልበላት? አሚን ልበላት?

አዳራሹን የምታስጎበኘው ሱማያ የምትባል ልጅ ናት። ሄጄ «ያቺ ሴት እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም፣ ጽሑፉን አንሱልኝ» አልኳት። በጣም በትሕትና ፈገግ አለችልኝ። «እህቴ፣ ብዙ ሴቶች እንደዚያ ይሉናል። ጥሩ ሥዕል እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሴት ራሷን ታይበታለች» አለችኝ። እኔ ራሴን አላየሁበትም፣ እኔው ነኝ አልኳት። ስሜቴን እንደምትረዳልኝ ነገረችኝ። ውሃ እጠጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ያችን ያህል ያቃጠለኝ የለም።

ሻሼን ከግንባሬ ወደኋላ ሳብኩና ጠባሳዬን አሳየኋት። ሥዕሉን አየች። እኔን አየች። እንደገና ሥዕሉን አየች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሻምሶ ይሄኔ እልል ብላ ጮኸች፤ «ወላሂ እሷ ናት! ልብስ የምትሰፋልኝ እሷ ናት!» ሰው ሁሉ ዞረ። እና እትዬ፣ ያ ሲያለቅስልኝ የነበረ ሰው ምን ያደረገ ይመስልሻል? አንድም ሰው አልሐምዱሊላህ አላለም። ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። አንዷ «ከሥዕሉ አጠገብ ቁሚልኝ፣ ክሩንም በጥርስሽ ያዢው» ብላ ለመነችኝ። ስሞት ያለቀሱልኝ፣ ስኖር መጫወቻ አደረጉኝ። ተናገርኳቸው፣ በሶማሊኛም ባማርኛም ተናገርኳቸው። ከኋላ አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት «የሞተ ሰው እንዲህ አይቆጣም፣ ልጅቱ እውነቷን ነው» ሲሉ ነው ጥበቃው እኔን ትቶ ሰዉን ማስወጣት የጀመረው።

ሱማያ ናይሮቢ ለኢርፋን ደወለችለት። እዚያ ነው የሚኖረው። ስልኩን ነጠቅኳትና «አንተ የገደልካት ነኝ» አልኩት። «ትልቅ ሠዓሊ ሆነሃል አሉ። እኔን ቀብረህ ሐዘንህን በግድግዳ ትሸጣለህ? ጸጉሬንስ ለማን ነው የገለጥከው?» አልኩት። ከዚያ ስሜን ጠራኝ፤ እማ እንደምትጠራኝ አሳጥሮ። ስልኩም ተቋረጠ። ሰው ባይኖር እሰብረው ነበር።

ማታ በራሴ ስልክ ደወለ፤ ቁጥሬን ከሱማያ ተቀብሎ። ሲያለቅስ ሰማሁት። ቆይቶ «መሞትሽን የነገረችኝ እህትሽ ናት» አለኝ።

ምን እንዳልኩት ልንገርሽ? «እህቴን በአፍህ እንዳትጠራት» አልኩት። ስለ አንቺ ተጣላሁት። ውሸታም፣ ከሃዲ አልኩት። ዘጠኝ ወር ያልተሸከመችኝ እናቴ ናት፣ እሷ ስለ እኔ እንዲህ ያለ ቃል አይወጣትም አልኩት። ዘጋሁበት። እንቅልፍም ወሰደኝ፣ አንቺን አምኜ።

በማግስቱ ደውሎ በቀስታ ነገረኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ስልኬ እምቢ ሲለው ከአዲስ አበባ ድሬ እንደመጣ። በራችንን እንዳንኳኳ። አንቺ የእማን ጥቁር ሻሽ አጥልቀሽ እንደወጣሽ። ጀልባው ቦሳሶ ላይ እንደሰመጠ በሹክሹክታ እንደነገርሽው። ለቅሶ ልቀመጥ ሲልሽ «እማ ልቧ ደካማ ነው፣ አልነገርናትም፤ የእህቴን ስም እዚህ ሰፈር እንዳታነሳ፣ እናቴን ትገድልብኛለህ» እንዳልሽው። ጎረቤት እንኳ አትጠይቅም ነበር ወይ ብዬ ጮኽኩበት። «የእህትሽን እንባ አይቼ ከዚያ ወዲያ ማንን ልጠይቅ?» አለኝ።

አሁንም አላመንኩትም። ጅቡቲ ለዓብዲከሪም ደወልኩ። ወንድማችን ስለ ጀልባው የሚያውቀው የለም። ግን ኢርፋን ሲባል «ያ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ አንቺ እምቢ ያልሽው ልጅ?» አለኝ።

እኔ እምቢ ያልኩት!

እትዬ፣ እኔ ሽማግሌ መምጣቱን አልሰማሁም። አንቺ የነገርሽኝ ሌላ ነው። «ኢርፋን አዲስ አበባ ላይ ኒካሕ አስሯል፣ ሰው በዓይኑ አይቶት መጣ» ነው ያልሽኝ። ሦስት ቀን እህል አልቀምስ ስል በእጅሽ ያጎረስሽኝ አንቺ ነሽ። «እዚህ ሆነሽ ከምትከስሚ ሐርጌሳ ሥራ አለ» ብለሽ ሻንጣዬን ያሰርሽልኝ አንቺ ነሽ። አውቶቡሱ እስኪነሳ መስኮቱን ይዘሽ ቆመሽ ነበር። ያኔ ነው እንግዲህ የገደልሽኝ፤ እጅሽን እያውለበለብሽልኝ።

ኢርፋን ኒካሕ አስሮ አያውቅም። እስካሁን።

ለምን? ለብዙ ቀን መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ብቻ ጠየቅኩ። ድሃ ስለሆነ ነው? ዘሩ ከእኛ ስላልሆነ ነው? «ነፍስ ያለውን የሚስል ሰው የቂያማ ቀን እስቲ ነፍስ ዝራበት ይባላል» ትዪ ነበር፤ በሱ ሥዕል ስትናደጂ አስታውሳለሁ። እሺ፣ እሱ ይጠየቅበት። ነፍስ ያላትን ሴት ሞታለች ያለ ሰውስ ምን አድርግ ይባላል?

ይህም ይሁን። አንዱን ግን ልዋጠው ብል አልዋጥ አለኝ። እማ የሞተች ጊዜ መጥቼ ነበር። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጭንሽ ላይ ተኝቼ አለቀስኩ። «ሁሉም ትቶኝ ሄደ፣ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አልኩሽ። ጸጉሬን እየዳበስሽ ዝም አልሽ። ያኔ በእማ ለቅሶ ላይ አንድ ቃል ብትነግሪኝ ይቅር እልሽ ነበር። እንዲያውም እግርሽን እስም ነበር።

ኢርፋን መጣ። በቶጎ ውጫሌ ድንበር በኩል፣ በአቧራ ተለውሶ፤ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ሱቄ አልተቀበልኩትም፤ በሻምሶ ፊት አዳራሹ ውስጥ ነው የተገናኘነው። ሊያየኝ ቀና ሲል ዓይኑ መለስ ይላል፣ የምጠፋበት ይመስል። እኔ አላዘንኩለትም፣ ቶሎ አላዘንኩለትም። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስታለቅስልኝ አንድ ቀን ፈልገኸኝ ታውቃለህ? የሞተ ሰው ይቀላል አይደል? አይጠይቅም፣ አይቆጣም፣ የሠራኸውን ይሆንልሃል» አልኩት። «እውነትሽን ነው» አለ። በዚች ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

የአዳራሹ ኃላፊ ደግሞ ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። ወሬው ከተማውን ስላዳረሰ ጎብኚው በዝቷልና ሥዕሉ ባይወርድ ይሻላል፤ ጽሑፉን ግን «ከሞት የተመለሰችው» ብለን እንለውጠው አለ። እኔ ከየትም አልተመለስኩም፣ ጋአን ሊባህ ልብስ ስሰፋ ነበርኩ አልኩት። ሻምሶ ሳቀች። ሱማያ ግን አልሳቀችም፤ መሰላሉን ራሷ አመጣችና ጽሑፉን በጥፍሯ ላጠችው። በሩ ላይ ስንወጣም ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ውሃ ሳትጋብዘኝ። ኢርፋን ሥዕሉን አወረደ። ላቃጥለው ወይ አለኝ። መጀመሪያ ጸጉሬን ሸፍንልኝ አልኩት። ቀለሙን አውጥቶ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠና «ምን ዓይነት ሻሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እስከዛሬ ስለ እኔ ሁሉም ያለእኔ ሲወስን፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አረንጓዴ አልኩት። ሥዕሉ አሁን ሻምሶ ቤት ነው፤ ባሕሩን ገና አላጠፋውም።

ነዪ አልልሽም፣ አትምጪም አልልሽም። ይቅር ብዬሻለሁም አልልሽም፤ እንዳንቺ መዋሸት አልችልበትም። ሶላቴ ላይ ግን ስምሽ አፌ ላይ ይመጣል፤ ስከለክለውም እምቢ ይላል።

ባለፈው ጁምዓ ለዓብዲከሪም ደግሜ ደውዬ ነበር። ከአባታችን በኋላ የኒካሕ ወኪሌ እሱ ነውና አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ «ቢስሚላህ» አለኝ። ለእትዬ ልንገራት ወይ ሲለኝ፣ ከፈለግህ በኋላ ንገራት አልኩት።

ብዙ አልጽፍልሽም፣ እጄ ላይ ሥራ አለ። ከፊታችን ጁምዓ በፊት የማደርሰው ነጭ ዲራዕ ቀሚስ መኪናው ላይ ተዘርግቷል፤ ሻምሶ ጠርዙን ዶቃ እየሰፋችልኝ ነው። የደንበኛ አይደለም።

አላህ ወገብሽን ያሽርልሽ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ሴቶቹ ልጆችሽ የወደዱትን እንዳያጡ ይጠብቅልሽ። እማንም በጀነቱ ያኑራት።

ወሰላሙ ዓለይኩም።

ታናሽ እህትሽ