አንቺ የከደንሽው ጄሪካን

ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለሥርጉት ገብረ ሕይወት፣
ድሬዳዋ

ልጄ ሥርጉት፣ የአባቶቼ አምላክ በቆምሽበት ሁሉ ይቁምልሽ። የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ከስድስት ዓመት ከመንፈቅ ዝምታ በኋላ ስለ ሙቀት መጠየቅ እንደሚያስቅ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ሰላምታ ያልቀደመው ደብዳቤ ደጅ ሳያንኳኳ እንደ ገባ እንግዳ ነውና ሥርዐቱን ጠበቅሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እናትሽ እናትዓለም ጉልበቷን ያማታል፤ አንደበቷን ግን አላመማትም። ወደ ጓሮ ወጥታ በስልክ በሹክሹክታ ስታነጋግርሽ ሰማሁ ሳልል ኖሬአለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለእኛ የቀረው የአጎትሽ የኪዳነ ወልድ መኪና ተነሥቷል። ያ እንግሊዛዊ ሐኪም አገር ሲለቅ ለወንድሜ የተወለት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘው፣ ጣሪያው የሚገለጠው ኤም ጂ፣ ስድስት ዓመት በሸራ ተሸፍኖ ዶሮ ሲፈለፈልበት ከኖረ በኋላ ዛሬ በግቢያችን እንደ ሙሽራ ቆሟል። ልቡ ግን ያው አይደለም። የተሰነጠቀውን ሞተር አውጥተን የዲኤክስ ሞተር አስገባንለት። አዎን፣ የዲኤክስ፤ ታክሲ ሲጎትት የኖረ ሞተር። ይህን ስታነቢ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ሳቂ።

የከተማው ሰው ምን ይል ይሆን ብለሽ ደግሞ አትጨነቂ፤ የሚለውን ሁሉ ብሎ ጨርሷል። «መሪጌታ በስተርጅና ቀጥቃጭ ሆኑ» ተብሏል። «ዜማው አልበቃ ብሏቸው መዶሻ ያዙ» ተብሏል። የጋቢዬ ጫፍ ግራሶ ነክቶት ቅኔ ቤት ስገባ ተማሪዎቼ እርስ በርስ ተያዩ። «ምን ታያላችሁ? ታቦቱ የሚያርፍበትን መንበር የሠራው እጅ መጥረቢያ አልያዘምን? ደወሉን ያቀለጠው እሳት አልነካምን? በሠሪ እጅ በተሠራ ቤት እየጸለያችሁ ሠሪን ትንቃላችሁን?» አልኋቸው።  ይህን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ።

ሥራውን የያዘልኝ ቢያዝን የሚባል የሰባታሚት መካኒክ ነው። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ነገር ግን እጁ አይዋሽም። የሞተሩን መቀመጫ ቆርጦ እንደ ገና በየደ፤ ካምቢዮውም የዲኤክሱ ስለ ሆነ የማርሹ ዘንግ ከቀድሞው ቀዳዳ አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ወጣ። እኔ መብራት ያዝሁ፣ ብሎን አጠብሁ፣ ዝገት ፋቅሁ። አንድ ቀን የኤሌክትሪኩን ገመድ ሲፈታ ድንገት ፒንሳውን አስቀመጠ። በየገመዱ ጫፍ በቀይ የጥፍር ቀለም የተጻፈ ቁጥር አግኝቶ ነው።

«የኔታ፣ ይህን ያሰረው ማን ነው?» አለኝ።

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም! እኔን አሳፈረኝ እንጂ። እንዲህ ያለ እጅ ባሕር ዳር ውስጥ ካለ ነገ ጋራዤን ዘግቼ እርሱ ዘንድ ልቀጠር።»

«የልጄ እጅ ነው» አልሁት። ወዲያው ደግሞ ያልጠየቀኝን ጨምሬ፣ «የሴት ልጄ» አልሁ።

ከአዲስ አበባም አምባቸው የሚባል አሮጌ መኪና ሰብሳቢ መጥቶ ነበር። ሸራውን ሲገልጥ ዓይኑ በራ፤ የፊቱን ክዳን ሲከፍት ግን ቤቱ እንደ ተቃጠለበት ሰው ጮኸ። «አባቴ፣ ምን አደረጉት! ይህኮ ቅርስ ነው! የተፈጠረበት ሞተር ከሌለ ነፍስ የለውም። የተሰነጠቀውን መልሰው ያስገቡልኝና ባይነሣም እንዲሁ እወስደዋለሁ።» እኔም «ልጄ፣ አንተ የምትፈልገው የማይሄድ መኪና ከሆነ እርሱን ስድስት ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬአለሁ፤ አይጠቅምም። ሌሊት ሌሊት ቆሜ አዲስ ልብ ስጠኝ እያልሁ ሳረጅ፣ ልቡ የተለወጠ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብለህ ልታስተምረኝ መጣህን?» ብዬ እስከ በሩ ሸኘሁት። የተሰነጠቀውን ሞተርም አልሸጥሁትም፤ ስንጥቁን ወደ መንገድ አዙሬ ከደጃችን ግራ በኩል አቆምሁት። «ማን ሰነጠቀው?» ለሚለኝ ሁሉ «እኔ» እላለሁ።

በግንቦት ፳፻፲፩ ዓ.ም. የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን ለአንቺ በአንደበቴ ተናግሬው አላውቅምና በእጄ ልጽፈው ይገባኛል። ከሐሙሲት ተዝካር ስንመለስ አንቺ ትነጂ ነበር። ገና ከሐሙሲት ሳንወጣ ከወይዘሮ ዜማ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ስንደርስ ሞተሩ ጋለና አቆምሽው። «አባባ፣ ጥላ ሥር ይቀመጡ። በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ድረስ የራዲያተሩን ክዳን እንዳይነኩት፤ ቀዝቃዛ ነገር እንዳያስጠጉት» ብለሽኝ ሰው ልትጠሪ ሄድሽ። እኔ ግን የዋዜማው ማኅሌት ሊያመልጠኝ ሆነ። ከመቀመጫዬ ሥር ከገዳም የቀዳሁት አንድ ጄሪካን ጸበል ነበረ። «ጸበል የሚጎዳው ነገር የለም» አልሁና የራዲያተሩን ክዳን በጋቢዬ ይዤ ከፍቼ፣ እንፋሎቱ ፊቴን እየገረፈኝ፣ ሁሉንም በጋለው ብረት ላይ ገለበጥሁት። ብረቱ እንደ ጅራፍ ጮኾ ተሰነጠቀ።

አንቺ ስትመለሺ ሰው ከቦኝ ነበር። እነሆ ሊቅ ነኝ ባዩ አባትሽ ያደረገው ይህ ነው፦ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሴት ብረት ስትነካ ፍጻሜው ይኸው ነው፤ ከሊቃውንት ቤት ቀጥቃጭ ወጣ» አልሁ። አልበቃኝም፤ «ከእንግዲህ እጅሽ ብረት ቢነካ ልጄ አይደለሽም፤ ገዝቼሻለሁ» አልሁ።  ባዶውን ጄሪካን ከመሬት አነሣሽ፣ ውስጡን አየሽ፣ ክዳኑን ከደንሽና ማንም እንዳያየው ከመቀመጫዬ ሥር መለስሽው። በሳምንቱም ባሕር ዳርን ለቀሽ ሄድሽ።

ሥርጉት፣ ስትከድኚው አይቼሻለሁ። ያላየሁሽ መስሎሽ ይሆናል። አይቼሻለሁ።

በዚህ ኩራቴ መቃብር እወርድ ነበር፤ ያዳነኝ የእናትሽ አንደበት ነው። ባለፈው ሚያዝያ ወጥ እያማሰለች፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ፣ «ልጅዎ ቤተ ክርስቲያን አትገባም» አለችኝ።

«ካደች?» አልሁ ደንግጬ።

«ምን ትካዳለች! ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። ለምን አትገቢም ብላት፣ እማዬ፣ በየቀኑ ብረት እነካለሁ፤ አባባ ገዝተውኛል አለችኝ። እንግዲህ እርስዎ መጽሐፍ አዋቂ ነዎት፤ ይፍረዱ።»

ፈረድሁ። በሐሰት የወጣ ግዝት ወደ አፉ ባለቤት እንደሚመለስ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። እንግዲያስ የታሰርሁት እኔ ነበርሁ፤ ታስሬም ስድስት ዓመት ሙሉ ከመቅደሱ አጠገብ ቆሜ ስዘምር ኖሬአለሁ። በማግሥቱ ወደ ንስሓ አባቴ ወደ ቄስ ጥዑመ ልሳን ሄጄ ሁሉን ተናገርሁ። እርሳቸው ግዝቱን ለመፍታት አልሰሰቱም፤ ነገር ግን «ነገሩ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር። አደባባይ ቢያወጡት ሕዝቡ ጸበል ሞተር ሰነጠቀ ይላል፤ እምነት ይናወጻል» አሉኝ።

«አባ፣ ሞተሩን የሰነጠቀው ጸበሉ አይደለም፤ የእኔ እጅ ነው። ውሸቴን በጸበል ሸፍኜ ልሙትን? በአደባባይ ያሰርሁትን በአደባባይ እፈታለሁ» አልኋቸው። እስኪ አጥፍተሃል የሚለኝ ካለ ይምጣ! አርባ ቀን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ቅዳሴ ሰማሁ። «መሪጌታ፣ ይግቡ እንጂ፤ ያሳፍሩናል» አሉኝ፤ አልገባሁም። አንዲት መንገደኛ ለማኝ መስያት ዳቦ ሰጠችኝ፤ አመስግኜ በላሁት። ቢያዝንን የጠራሁትም በዚያው ሰሞን ነው። ልጄን የከለከልሁትን ብረት እኔው በእጄ ልነካው ወደድሁ።

ሥራው አልቆ ባለፈው ቅዳሜ በመጨረሻ እሺ ካሉኝ ከቄስ ጥዑመ ልሳን ጋር በሚኒባስ ወደ ሐሙሲት ሄድሁ። ገበያ ነበር። ከወይዘሮ ዜማ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቆሜ፣ በማኅሌት ድምፄ፣ ጸበሉን ያፈሰስሁ እኔ እንደ ሆንሁ፣ ልጄ ንጹሕ እንደ ሆነች፣ ግዝቱም እንደ ተፈታ ተናገርሁ። ቄስ ጥዑመ ልሳንም መስቀላቸውን አንሥተው «ይፍታሽ» አሉሽ። ሰዎች ይጮኹብኛል፣ ይስቁብኛል ብዬ ቀና ብዬ ጠበቅሁ። ገበያተኛው ወደ ዋጋ ክርክሩ ተመለሰ። ወይዘሮ ዜማ የሻይ ብርጭቆዋን ማጠብ እንኳ አላቋረጠችም።

«አልሰማሽኝምን?» አልኋት።

«ሰማሁዎ፣ መሪጌታ። ታዲያ ይህን ማን አጣው? ጸበሉን ሲገለብጡ እኔ በዚህች በር ቆሜ አይ ነበር። ያ የአውቶቡስ ረዳት አይቷል፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ አይታለች። ልጅትዋ ጄሪካኑን ስትደብቅልዎ ስናይ ጊዜ፣ እርስዋ የሸፈነችውን እኛ ምን ብለን እንግለጠው ብለን ዝም አልን። የቀረን እርስዎ እስኪናገሩት መጠበቅ ነበር።» ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ። «አሁን ይቀመጡ፤ ያን ቀን ልጅትዋ ያልጠጣችው ሻይ አለብኝ፤ እርስዎ ይጠጡላት።»

ጠጣሁት። ብዙ ስኳር ነበረበት።

እንግዲህ ልጄ፣ ሐሙሲት ሁሉ የሚያውቀውን ሳልናገር የኖርሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። ይህንንም አልደብቅም፤ ጻፍሁልሽ። እሑድ ስትደርስ ከቅጥሩ ውስጥ ግቢ። ግራሶው ከጥፍርሽ ባይለቅም ግቢ። የሚከለክልሽ ቢኖር የአባቴ ደብዳቤ ይኸው በዪው፤ አንብቦ ካልበቃው ወደ እኔ ይምጣ።

በመኪናው ወደ ሐሙሲት ለምን አልሄዱም ትዪኝ ይሆናል። ቢያዝን ለሙከራ አንድ ጊዜ አስነሥቶ በግቢው ዙሪያ ከነዳው በኋላ ውኃውን በሙሉ አስፈሰስሁት። ራዲያተሩ ደረቅ ነው። ቁልፉን በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ሌላ ቁልፍ የለም። ጄሪካኑን ቢያዝን ሊጥለው ሲል ከእጁ ቀማሁት፤ ከመቀመጫዬ ሥር ነው፤ አንቺ እንደ ከደንሽው እስከ ዛሬ አልተከፈተም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ነይና በእርሱ ከሐይቁ ቀድተሽ ራዲያተሩን አንቺው ሙዪው። እኔ ከጎንሽ እቀመጣለሁ። እስኪበርድ ጠብቅ ካልሽኝ፣ ማኅሌት ቢያመልጠኝም፣ እጠብቃለሁ።

እጅሽን እግዚአብሔር ይባርከው፤ የነካውን ብረት ሁሉ ያሳካለት። አሜን።

አባትሽ
መሪጌታ ገብረ ሕይወት