ሣር እንድንተክል ስለታዘዝንበት ደጅ

ለተከበሩ አቶ ግሬንቪል ሆስኪንግ
የዊራንዳ ከተማ ምክር ቤት የአካባቢ ውበት ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎም ቀዝቀዝ ያለ እንዲሆን እመኛለሁ፤ እኛ ዘንድ ዛሬ አርባ ሦስት ዲግሪ ነው። በአንድ በጋ ሦስት ደብዳቤ ስለጻፉልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ልጆቻችን እንኳ ይህን ያህል አይጽፉልንም።

ባለቤቴ ሜርቪን ሠላሳ ስምንት ዓመት በየቅዳሜው የደጃችንን ሣር ሲያጭድ ኖሮ፣ አምና ከማጨጃው ማሽን አጠገብ ተዘርሮ አገኘሁት። የልብ ሐኪሙ "ከሣሩና ከሚስትህ አንዱን ምረጥ" አለው። ሜርቪንም አንድ ቀን ሙሉ ካሰበበት በኋላ እኔን መረጠ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተን፣ ከሁለተኛው በጋ ወዲያ ውኃም ማጨድም የማይጠይቅ ደጅ አቀድን፦ እስከ በሩ ጠጠር፣ ግራና ቀኝ አጫጭር ግራቪሊያና ግራጫ ቅጠል ያለው የበረሃ ቁጥቋጦ፣ ግርጌያቸው ላይ የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት። ሣሩን እኔ ነቀልኩ፤ ሜርቪን ወንበር ላይ ሆኖ አለቃ ሆነ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ደጃችን "ከመንገዱ አረንጓዴ ገጽታ ጋር አይጣጣምም" ብሎ በስልሳ ቀን ውስጥ ሣር እንድንተክል አዘዘን። በዘጠነኛው ቀን የዚያው ምክር ቤት የውኃ ክፍል በድርቁ ምክንያት ሣር ማጠጣት መከልከሉን ጻፈልን። ሁለቱ ክፍሎች ተኳርፈው ከሆነ ሽማግሌ ሆኜ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

2. በሁለተኛው ደብዳቤዎ እንደሚመጣ ያሳወቁን ተቆጣጣሪ አቶ ዱድሊ ፓስኮ ሜትር ይዞ መጣና ተክል ከጉልበት በላይ መሆን እንደሌለበት ነገረን።

"የማን ጉልበት?" አለው ሜርቪን።

"የሰው ጉልበት ነዋ።"

"ወንድሜ፣ አንተ ሁለት ሜትር ትሞላለህ። ሚስቴን ቨርናን እያት እስቲ።"

አቶ ዱድሊ መመሪያውን ቢያገላብጥ የጉልበቱ ባለቤት አልተጻፈም። ፈቃዴን ጠይቆ የእኔን ለካ፣ የራሱን ለካ፣ አማካዩን መዘገበ። በሰባ አንድ ዓመቴ ጉልበቴ መንግሥታዊ ትኩረት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነውና ምስጋናዬ ይድረሰው።

3. ሦስተኛው ደብዳቤዎ ግን አላሳቀኝም። ደብዳቤው በተጻፈ በአሥራ አራተኛው ቀን ሠራተኞች መጥተው ተክሉን ነቅለው ሣር እንደሚያነጥፉ ይናገራል። ሣር ከተነጠፈ ሜርቪን ያጭደዋል። ሐኪም ቢከለክለው፣ እኔ ማሽኑን ብደብቅበት፣ ከጎረቤት ተውሶ ያጭደዋል። አውቀዋለሁ።

ሠራተኞችዎ ትናንት በሰዓታቸው መጡ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኮንቼታ ወንበሯን አምጥታ ጠጠሩ መሃል ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። ሜርቪን ቤት እንዲቆይ ለምኜው ነበር፤ ወጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ትንፋሹን እሰማው ነበርና ፈራሁ።

የሠራተኞቹ አለቃ ተክሉን ዞሮ አየና "እማማ፣ መንቀሉስ ቀላል ነው፤ ሣሩን ማን ያጠጣዋል?" አለኝ።

"ማንም። ክልክል ነው" ብዬ የውኃ ክፍሉን ደብዳቤ ሰጠሁት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። መኪናው ላይ ተጠቅልሎ የመጣው ሣር ጠርዙ ቡናማ መሆን ጀምሯል። "እኔ የሚሞት ነገር አልተክልም" አለና መኪናውን አዞረ። ሜርቪን ትከሻዬን ያዘ። እባክዎ ሰውየውን አይቅጡት፤ እሱ የታዘዘው የእርስዎኑ ምክር ቤት የውኃ ክፍል ነው።

አራተኛ ደብዳቤዎን በጉጉት የምትጠብቅ፣ ሣር የሌላት ግን ባል ያላት ነዋሪዎ፣
ቨርና ትሬጌንዛ

ግልባጭ፦
ለውኃ ክፍሉ፣ በኮሪደሩ ማዶ

ማስታወሻ፦ አርአያ እንዲሆነን የጠቀሱልንን በምክር ቤቱ ደጃፍ ያለውን ሣር ዛሬ ጠዋት ሄደን አየነው። እውነትም ለምለም ነው። ኮንቼታ ልትዳብሰው ጎንበስ ስትል ጠርዙ ተገንጥሎ እጇ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ የታተመው ጽሑፍ "በሳሙና ይታጠባል" ይላል። በየትኛው ሳሙና እንደሚያጥቡት ቢጠቁሙን ደስ ይለናል።