ለአፋፉ ጓሳ ዘበኛ ስለተሰጠው ጠመንጃ

ለተከበሩ አቶ በዕውቀቱ
የጥቁር ዋሻ ቀበሌ ሊቀመንበር

የካቲት 11 ቀን

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የመንዝ ብርድ ደጅዎን እንዳይረግጥ፣ ጤናዎም እንደ አዲሱ ቢሮዎ ቆርቆሮ ሳይዝግ እንዲኖር እመኛለሁ። እኔ ቤት የምንከድንበትን የአፋፉን ጓሳ ሣር አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ዓምደ ሚካኤል፣ ደኅና ነኝ እንዳልል እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁትም ብቻዬን ቢሮዎ ገብቼ መናገር ስለፈራሁ ነው።

1. ባለፈው ስብሰባ ስለ ሁለቱ ሥርዓቶች ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። በሶሻሊዝም ሁሉ የሁሉም ስለነበር ሁሉም ደኸየ፣ በካፒታሊዝም ግን የሠራ ያገኛል ብለውናል። እውነትዎን ነው፤ በደርግ ጊዜ ጓሳው የሰፊው ሕዝብ ነው ተብሎ፣ ሰፊው ሕዝብ በሁለት ዓመት እንደላጨው አባቴ ይናገር ነበር። መልሶ እንዲበቅል ያደረገው ግን ባለሀብት አልነበረም፤ ሽማግሌዎች አገሬውን በታቦት አማምለው ሣሩን ለዓመታት ስለዘጉት ነው። ይህ ከሁለቱ ሥርዓት የትኛው እንደሚባል ልጠይቅ እጄን ባወጣ፣ ጓሳው እንዲከራይ እንደደገፍሁ ተቆጠረልኝ።

2. ጓሳው ለባለሀብቱ ለአቶ ይሥሐቅ ስለተከራየ፣ አጥሩም ስላማረ አመሰግናለሁ። ሠርተው ያገኙ ሰው ናቸው ተብሏል። እኛ ስላላገኘን አልሠራንም ማለት ነውና፣ ዕድሜ ልካችንን ገብስ ስናርስና ስናጭድ የኖርነውን ምን ብለን እንጥራው? ቤት መክደኛ ሣር ከእሳቸው ለመግዛትም ሁላችንም እኩል ነፃ መሆናችንን ነግረውናል፤ ኪሳችን ብቻ ይህን ትምህርት አልሰማም።

3. እንቅልፍ የነሳኝ ይህኛው ነው። ጓሳው በልማዳችን የሚከፈተው በኪዳነ ምሕረት ማግስት ስለሆነ፣ አገሬው ማጭዱን እየሳለ ነው። ታላቅ እህቴ ጥሩሸዋ ጣሪያዋ አፍስሶባት ክረምቱን ልጆቿን ጎረቤት አሳድራለች። «ወንድሜ ዘበኛ ሆኖ ማን ይነካኛል?» እያለች ከሁሉ ቀድማ እንደምትገባ ለሰው ሁሉ ትናገራለች። እርስዎ ደግሞ ክላሽ ሰጥተውኝ፣ መጀመሪያ የሚገባውን ሰው እንደምንም ብለህ አስቁም ብለውኛል። እንደምንም ማለት ምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ክቡርነትዎ፣ እፈራለሁ። እርስዎን እፈራለሁ፤ የእህቴን ድፍረት እፈራለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የገዛ ጣቴን እፈራለሁ።

ስለዚህ ቀኑ ሳይደርስ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠየቅ፣ ይህም ካልሆነ እኔ ከጥበቃው እንድነሳ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ዕድሜዎ እንደ ኪራይ ውሉ የረዘመ፣ ልብዎም የአጥሩ በር እንደተቆለፈው ያልተቆለፈ ይሁን እያልሁ እጅ እነሳለሁ።

የአገሬው ይሁን የአቶ ይሥሐቅ ዘበኛ መሆኑ ገና ያልተነገረው፣
ዓምደ ሚካኤል

ተጨማሪ፦ ጠመንጃውን ልመልስ ሦስት ቀን ብመላለስ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልሁ፣ ጥይቱን አውጥቼ ጠመንጃውንም ጥይቱንም ለጸሐፊዎ በፊርማ አስረክቤአለሁ። በኪዳነ ምሕረት ማግስት በንጋት ስብሰባ እንደማይኖርዎ ተስፋ አደርጋለሁና፣ አጥሩ በር ላይ ቆመው መጀመሪያ የሚገባውን ሰው እንደምንም ብለው ራስዎ ያስቁሙልን። ቀይ ሻሽ ያሰረችው ጥሩሸዋ ናት፤ ማጭድ ይዞ እየተንቀጠቀጠ የሚከተላት እኔ ነኝ።