በአርብ ገበያ ደመራ ላይ የታሰረው አደይ

ክንዱ፣ የመስቀል ሰላምታዬን ከነንዴቴ ተቀበለኝ።

እዚህ አርብ ገበያ ደመራው አናት ላይ ያሰሩት አደይ አበባ ፕላስቲክ ነው! አዲስ አበባ ቢሆን አይገርመኝም፤ እኛ ሜዳ የለንም። እነዚህ ግን ክረምት ውሃ የሚተኛበት መስክ ነበራቸው፤ መስከረም ሲጠባ ዳር እስከ ዳር በአደይ ቢጫ ይሆን ነበር። የቀበሌው ልማት ኮሚቴ ተብዬው ቦይ ቀዶ አደረቀውና ባሕር ዛፍ ተከለበት። ዛሬ ማለዳ ደመራው ሲለኮስ ፕላስቲኩ እየቀለጠ ሸተተ፤ ቄሱ እንኳ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነው የባረኩት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ሳያፍር፣ “ለሁለት ሳምንት አበባ ብለን መሬት ጦም እናሳድር?” አለኝ።

ያረፍኩት እትዬ ብርቄ ቤት ነው። ይህን የምጽፍልህን ፖስት ካርድ ሳሳያቸው ፊቱ ላይ ያለውን የአደይ ሜዳ ፎቶ ወዲያው አወቁት። “የኛው መስክ ነው! ላሞቻችን እግራቸው ቢጫ ሆኖ ይገቡ ነበር” አሉ። እርስዎ ዘንድ ይቅር ብላቸው፣ “ለጓደኛህ ላክለት፤ እኔ ሳየው ያንገበግበኛል” ብለው መለሱልኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ሳምልኝ፤ እህትህን ትዕግስትንም ሰላም በልልኝ። ካርዱን ግን አደራ እንዳትጥለው፤ ሜዳው አሁን ያለው አንተ እጅ ላይ ብቻ ነው።

ጓደኛህ ፍቅሬ