ስለ ቶርኪል አጭር ኮትና ስለ ሜዳው በር

ለክቡር ሚስተር ሎክላን ስትራካን
የአርድቫሪ የበጋ ጨዋታ በዓል ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ ያለኝን ጥልቅ አሳቢነት እገልጻለሁ። ቀብር አስፈጻሚ እንደመሆኔ በዚህ መንደር የሰውን ጤና እንደ እኔ በቅርብ የሚከታተል የለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ ትንሽ ሳል ቢጤ እንደያዘችዎ አስተውያለሁ። ቀላል እንደምትሆን ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከተጠበቀው በላይ የቆዩ ቀላል ሳሎችንም አውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤቱ መስኮት የምለጥፈው አዲሱን የአለባበስ ደንብዎን እዚያው ለጥፈው ስላየሁና ጎን ለጎን ቢነበቡ ለአንባቢ ይመቻል ብዬ ስላሰብኩ ነው። በቅዳሜው ሰልፍ ኪልት፣ ያን ሽንሽን የወንድ ጉርዳችንን፣ ታጥቆ የሚሰለፍ ወንድ ሁሉ የብር ቁልፍ ያለው ጥቁር አጭር ኮት እንዲለብስ፣ ከተራ ኮት ተቆርጦ የተሠራ ግን በሜዳው በር እንዳያልፍ ወስነዋል። ስለ ክብራችን ይህን ያህል በመጨነቅዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ቶርኪል ጊላንደርስ። የመንደራችንን ዓርማ ተሸክሞ ሰልፉን የሚመራው እሱ እንደሆነ፣ በልጅነትዎ ከኋላው እየሮጡ ስላደጉ፣ ልነግርዎ አይገባኝም። ዘንድሮ ታሟል። ሐኪሙ ለልጁ ለኢሽቤል እንደነገራት ለሌላ የበጋ በዓል አይደርስም። ለዚህ ቅዳሜ ግን እደርሳለሁ ብሎ ቆርጧል፤ ዓርማውን ይዞ አንዴ ከመዞር ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር የለም። የዱሮ ኮቱ ከመክሳቱ የተነሳ ሁለት ቶርኪል ስለሚይዝ ኢሽቤል ከቤተ ክርስቲያኑ የልባሽ ሱቅ ሌላ መረጠችለት። ጥቁሩ ሐዘን መሰለባት፤ ሰማያዊው ትከሻው ገነነባት። በመጨረሻ የሟቹን የእንስሳት ሐኪም ቡናማ ሸካራ ሱፍ ኮት አነሳች፤ በቶርኪል ኪልት ውስጥ ካሉት ቀለሞች አንዱን፣ የደረቀ ቅጠል የሚመስለውን፣ ይዟልና። ባለቤቱን በሌላ ልብስ ስለቀበርኩት ኮቱን በደንብ አውቀዋለሁ።

ተራ ኮት ለሱሪ የተሰፋ ነው። ጭን ድረስ ወርዶ የኪልቱን ሽንሽን ይውጠዋል፤ ፊት ለፊት የሚንጠለጠለውን የቆዳ ቦርሳም ይከድነዋል። ስለዚህ ከታች ይቆረጣል፣ ፊቱ ክብ ተደርጎ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ኪሶቹም ተነቅለው ወደ ላይ ይወጣሉ። አባቶቻችን የለበሱት እንዲህ ነው። መቀስ ከገባ ደግሞ መመለሻ የለውም። ልኩ የሚወሰደው ሰውየው ቆሞ ነው፤ ተቀምጦ የተለካ ኮት ሲቆሙበት ሆድ ያሳያል። ቶርኪል ብቻውን መቆም ስላቃተው ኢሽቤል በጠመኔ ስታሰምር ብብቱን ይዤ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሰው ደግፎ ማቆም አልለመድኩም፤ የእኔ ደንበኞች ይተኛሉ።

‹‹አንተ ዱጋልድ፣ ለራስህ ጉዳይ እየለካኸኝ እንዳይሆን!›› አለኝ።

‹‹አባዬ በናትህ ዝም ብለህ ቁም›› አለችው ኢሽቤል፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ። ሦስታችንም ሳቅን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በልምምዱ ጊዜ፣ እርስዎ ራስዎ በሩ ላይ ቆመው ነበር። በከዘራዎ ጫፍ የኮቱን ጫፍ ገለጥ አድርገው ‹‹ጋሽ ቶርኪል፣ ይሄ እኮ ተቆራርጦ የተሰፋ ነገር ነው፤ በዚህማ አያልፉም›› አሉት።

‹‹አንተ ልጅ›› አለዎት ቶርኪል፣ ‹‹አባትህን በዚህ በር ተሸክሜ ያሳለፍኩት እንዲህ ያለ ኮት ለብሼ ነው። ከሳጥኑ ብድግ ብሎ ‘ቁልፍህ የብር አይደለም’ አላለኝም።››

ሕዝቡ ሳቀ፤ እርስዎ አልሳቁም። ‹‹ጋሽ ሎክላን፣ ለአንድ ቀን እኮ ነው›› ብላ ኢሽቤል ስትለምንዎ ዓይንዎን ወደ ደመናው አንስተው ‹‹ደንብ ነው፣ ምን ላድርግሽ›› አሉና በሩን ዘጉት። ቶርኪል አጥሩን እየተደገፈ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህም ከአልጋው አልወረደም። ኮቱ ከራስጌው ተሰቅሏል። እኔ በጣም ተናድጃለሁ፤ በዚህ በትሕትና በተሞላ ደብዳቤ ውስጥ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ትሕትና እንድትቀመጥ ፈቃድዎ ይሁን።

ሁለተኛ፤ የብር ቁልፍ ያለው ጥቁር አጭር ኮት የማታ ግብዣና የግብዣ አስተናጋጅ ኮት ነው። ሰልፉ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። በልምምዱ ላይ አንዲት እንግዳ ሴት እርስዎን አስቁመው ‹‹ወንድሜ፣ ሾርባው ደረሰ እንዴ?›› ሲሉዎት የሰማሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ባላነሳሁት።

ሦስተኛ፤ ስለ በሩ። እርስዎ የሚዘጉት በር የቆመው በአስከሬን መንገድ ላይ ነው። ከላይኛው መንደር ሬሳ በትከሻ ወደ አሮጌው መቃብር የሚወርድበት ይህ መንገድ ከሜዳውም፣ ከኮሚቴውም፣ ከእርስዎም ይቀድማል። ሬሳ ሲመጣ በሩ ይከፈታል፤ ለውድድር ግንድ የሚወረውረው ግንዱን ያስቀምጣል፣ የከረጢት ዋሽንት ነፊዎቹም ዝም ይላሉ፤ ይህን የሚከለክል ሊቀ መንበር እስካሁን አልተወለደም። እንግዲህ ሥልጣንዎ በእግሩ ቆሞ በሚመጣ ሰው ላይ ብቻ ነው። ይህን በእርጋታ ቢያስቡበት ምን ይመስልዎታል? እኔ ሰሞኑን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከኮረብታው በዚያው መንገድ ሲወርድ እያየሁ ቆሜ እቀራለሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። የምለምንዎ አንድ ቃል ብቻ ነው። ‹‹ይግባ›› ብለው በዚህ ወረቀት ግርጌ ቢጽፉ ለቶርኪል አንብቤለት ከአልጋው ይነሳል ብዬ አምናለሁ። ቢዘገዩ ግን በሩ ለእሱ መከፈቱ አይቀርም፤ ያኔ የእርስዎ ፈቃድ አያስፈልገንም።

ማንንም ስለ አለባበሱ ከደጄ መልሼ የማላውቅ፣ የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ እንደየተራቸው በታላቅ አክብሮት ለማስተናገድ ዘወትር ዝግጁ የሆንኩ፣ ትሑት ጎረቤትዎ፣

ዱጋልድ ማክፌይል
ቀብር አስፈጻሚ፣ አርድቫሪ
ማክሰኞ ጠዋት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ ኢሽቤል ደጃፌ ላይ ቆማ አገኘኋት። ኮቱን በክንዷ ይዛለች። ‹‹ጋሽዬ፣ አባዬን አልብስልኝ›› አለችኝ። በሙያችን የሟች ኮት ከጀርባው፣ ከአንገት እስከ ታች ይቀደዳል፤ የሟች ክንድ አይታዘዝም፣ ከኋላ የሚያይም የለም። የቶርኪልን ግን አልቀደድኩትም፤ ልክክ ብሎ ገባለት። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ዓርማውን ደረቱ ላይ አድርጎ በአስከሬን መንገድ ይወርዳል፤ ተሸካሚዎቹም ሁሉ ተቆርጦ የተሰፋ ኮት ይለብሳሉ። እባክዎ በሩ ላይ ይጠብቁን፤ ከዘራዎንም እንዳይረሱ። ለሳልዎ ምሕረቱን ያውርድልዎ፤ ያ ጥቁር ኮትዎ ጀርባው ላይ ጠበብ ያለ ነው፣ እሱን ሳልቀድደው ላለብስዎ የምችል አይመስለኝም።