ጥቁር የለበስኩበት ሰርግ

ግንቦት 6

ሰባት አልጋ አነጠፍኩ። ሰው ያደረው በሁለቱ ላይ ብቻ ነው። አምስቱን ለምን አነጠፍሽ ቢሉኝ... እጄ ሥራ ይፈልጋላ። እንግዳ በራቀው የላሊበላ ሆቴል ውስጥ ስድስት ቀን መቁጠር ቀላል አይደለም። ማክሰኞ ነው የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ።

ከሥራ ስወጣ ደሳለ ከሰው አገር ደወለ። "የሚጠይቁሽን ብቻ መልሺ። አትዘብዝቢ" አለኝ። ባሌ ያውቀኛል። ለሁለት የሚበቃ ቤት ተከራይቷል፤ መስኮቱን በስልክ አሳየኝ። መጋረጃ የለውም። "እሱን አንቺ ትመርጫለሽ።" ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ጠብቄ አሁን ስለ መጋረጃ ማሰብ ጀመርኩ። ቢጫ ይሁን? ቆሻሻ ይይዛል...

ግንቦት 8

እትዬ ሸጌ ሻንጣዬን ሊፈትሹ መጡ። አክስቴ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እናቴም እሳቸው ናቸው። ሰነዶቼን አገላብጠው የሰርጋችንን ፎቶ መዘዙ።

"ይሄን ነው ለሰው አገር ሹም የምታሳዪው? ሙሽራ ናት ወይስ አልቃሽ ይበል?"

እውነት አላቸው። አባቴ ጥር 14 ሞተ። ሰርጌ ጥር 28 ነበር፣ ካቻምና። "በእኔ የተነሳ ሰርጉን እንዳታስቀሩ፤ ልጁ ከሥራው የመጣበት ፈቃድ ያልቃል" ብሎ ተናዞ ነው የሞተው። ቃሬዛውን ደሳለ ከፊት ሆኖ ተሸከመ። በአሥራ አራተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተጋባን። ድንኳን የለ፣ ዘፈን የለ፣ እልል ያለ ሰው እንኳ የለ። ጸጉሬን ተቆርጬ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ጓደኛው በስልክ አነሳን።

ዘንድሮ ደሳለ ለገና ሲመጣ እትዬ ሸጌ "የእህቴ ልጅ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ትጣ?" ብለው ቬሎ አስከራዩኝ። ጸጉሬም አድጎ ሹሩባ ተሠርቼ ነበር። ሙጂብ ፎቶ ቤት ገብተን ተነሳን። ሙጂብ ከታች በወርቃማ ፊደል የሰርጋችንን ቀን ጻፈበት፤ ጥር 28 ቀን 2015። "ያው ቀናችሁ አይደል?" አለ። ሳቅን። ማን ክፉ አሰበ?

ቬሎውን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ... ማለቴ የቬሎውን ፎቶ፣ የግድግዳውን ትንሽ ቅጂ። ጥቁር የለበስኩበት ፎቶ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ለደሳለ አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ግንቦት 9

ጋሸና። የአውቶቡሱ ጎማ እስኪጠገን ወርደናል። ብርዱ ለጉድ ነው። ከወገል ጤና የመጡ እናት "ወዴት ነሽ ልጄ?" አሉኝ። "ባሌ ዘንድ ልሄድ ነው" አልኩ። ገና አዲስ አበባ እንኳ ሳልደርስ። ግን ደስ ይላል ሲባል።

ግንቦት 12

አለቀ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ወጣት ፈረንጅ፣ አጠገቡ አስተርጓሚ፣ የእኛው ሴት። ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። ጅምሩ ጥሩ ነበር። የት ተዋወቃችሁ? ሆቴሉ ውስጥ፤ እሱ ያኔ አስጎብኚ ነበር፣ እንግዶቹ የረሱትን ኮፍያ ሊወስድ መጥቶ። ስንት ወንድም አለው? ሦስት፣ ሦስቱም ብልባላ ገጠር ውስጥ ያርሳሉ። ፈገግ አለ።

"የሰርግ ፎቶ ይዘሻል?"

ሰጠሁት።

"መቼ የተነሳችሁት ነው?"

እዚህ ላይ ነው። "ዘንድሮ ለገና፣ ለግድግዳ ብለን ነው" ማለት ብቻ ነበር። የወርቁን ፊደል አየሁና "የሰርጋችን ቀን" አልኩ።

ሰውዬው ከፋይሉ ሌላ ፎቶ አወጣ። ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ደሳለ ከማመልከቻው ጋር የላከው ነው። እኔ ነኝ፤ የተቆረጠ ጸጉር፣ ጥቁር ቀሚስ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ። ከሥሩ ደሳለ በእጁ ያንኑ ቀን ጽፎበታል።

"የትኛው ነው ሰርግሽ?"

"ጥቁሩ።"

"ነጩስ?"

አባቴን፣ ኑዛዜውን፣ ቬሎውን፣ ሙጂብን... ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት። አስተርጓሚዋ ልትደርስብኝ አቅቷት "ቀስ በይ እህቴ" አለችኝ። ሰውዬው ጠበቀኝ። ከዚያ "ታዲያ መጀመሪያ ስጠይቅሽ ለምን እንዲህ አላልሽም? ምለሻል እኮ" አለ።

ለምን? ስላፈርኩ ነው። በገዛ ሰርጌ አፈርኩ። ይሄን አልኩት። አስተርጓሚዋ ምን ብላ እንደነገረችው እንጃ።

አንድ ወረቀት ሰጠኝና ፓስፖርቴን መለሰልኝ። ቪዛ የለም፤ ፋይሉ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ጋብቻው እንደገና ይመረመራል። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱን እየረገምኩ እወጣ ነበር።

ግንቦት 13

ለደሳለ ነገርኩት።

"እኔ እኮ ያንን ፎቶ መርጬ ነው የላክሁት" አለ። "በየቀኑ ሥራ ስገባ የማየው እሱን ነው። ያ ሁሉ ሐዘን እላይሽ ላይ እያለ እኔን እሺ ያልሽበት ቀን ነው ፀደይ። ምኑ ነው ያሳፈረሽ?"



ግንቦት 17

ላሊበላ ገባሁ። እትዬ ሸጌ ደረታቸውን መቱ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ!" አሉ። "አይደሉም፤ አፉ የእኔ ነው" አልኳቸው። አብረን አለቀስን። እኔ ግን አልወጣልኝም።

ሰኔ 4

ደሳለ ከደወለ ዘጠኝ ቀኑ።

ሰኔ 11

ደወለ። ቤቱን ለቅቆ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተመልሶ ገብቷል። "ለአንድ ሰው ይሰፋል" አለ። ጠበቃ አነጋግሮ ነበር፤ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት፣ ምናልባትም ጭራሽ ላይሆን። ትጠብቂኛለሽ ወይ አላለኝም። እጠብቅሃለሁ አላልኩትም። ስለ ዝናብ አወራን። እንግዳ ለእንግዳ እንደሚያወራው።

ያንን መስኮት አሁን ማን መጋረጃ ይሰቅልለት ይሆን?

ሐምሌ 1

ሦስት አልጋ አነጠፍኩ።

ከሥራ መልስ ሙጂብ ጋ ሄጄ ጥቁሩን ፎቶ በትልቁ አሳተምኩት። "ቀኑን ልጻፍበት?" አለ። ምንም እንዳትጽፍ አልኩት። አንገቱን ደፋ፤ ሰምቷል ማለት ነው። ገንዘብም እምቢ አለኝ።

ነጩን ከግድግዳው አወረድኩና ጥቁሩን ሰቀልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጌ አየሁት። ደሳለ ወደ ካሜራው አያይም። ነጠላዬ እንዳይወድቅ ጫፉን ይዞልኛል። ይሄን ሁሉ ጊዜ አላየሁትም ነበር... የማየው የራሴን ጸጉር ነበራ።

ግድግዳውን በስልክ አንስቼ ለደሳለ ላክሁለት። አይቶታል። እስካሁን መልስ የለም።

እትዬ ሸጌ ገብተው ቀና ሲሉ ደነገጡ። "ውይ ልጄ! ልቅሶ ደግሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?"

"ሰርጌ ነው እትዬ" አልኳቸው።

ምነው ያን ቀን ከመስታወቱ ፊት እንዲህ በቀለለኝ።